የመሪው ዋስ

ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ፣ የርብ ወንዝ በክረምት ከአልጋው ወጥቶ በሚተኛበት መንደር፣ ደሞዝ ባየህ የሚባል ገበሬ አለ። ሀብታም አይደለም። ጀግናም አይደለም። ስሙ የታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋስ በመሆን። ሁለት ሰዎች በድንበር ሲካሰሱ፣ የሰው ከብት ጠፍቶ አንዱ ሲጠረጠር፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ሲታረቁ፣ ሽማግሎቹ "ዋስ ጥራ" ይላሉ፤ የተጠየቀውም ዐይኑን ወደ ደሞዝ ያዞራል። ደሞዝ "እኔ አለሁ" ካለ ነገሩ አለቀ። ከእሱ በላይ ሌላ ዋስ ይምጣልኝ የሚል ሰው ራሱ ይታማል።

ይህን ስም በዋዛ አላገኘውም። በጉልምስናው ጊዜ አንድ የይፋግ ሰው በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ሲያዝ ደሞዝ ዋስ ሆነለት። ሰውየው ቀጠሮው ሳይደርስ ወደ ቆላ ኮበለለ። ደሞዝ ማንም ሳይጠይቀው ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን እየነዳ ወስዶ ለከሳሹ አስረከበ፤ ያን ዓመት የቀረውን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጀ አረሰ። ሚስቱ ታይቱ "ጅል አገባሁ" እያለች ክረምቱን ሙሉ ነዘነዘችው። እሱ ግን አባቱ የነገረውን ያዘ፤ ዋስ ያልበላውን ይከፍላል፤ ካልከፈለ ግን ልጆቹም አይታመኑም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት በአዲሱ መሪ ፍቅር የወደቀው። ወረታ ሩዝ ሊያስፈለፍል ሄዶ ተራው እስኪደርስ ሻይ ቤት ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰውየው ስለ ይቅርታ ይናገራል። ደሞዝ በዕድሜው ያየው መንግሥት ሁሉ ያዝዛል፣ ያስራል፣ ያስከፍላል እንጂ ይቅርታ ሲል ሰምቶት አያውቅም። የሻዩ ብርጭቆ በእጁ እንዳለ እንባው ወረደ። የመፈልፈያው ተራ አልፎት ሩዙን ሳያስፈለፍል፣ በምትኩ የመሪውን ፎቶ ገዝቶ ቤቱ ገባ።

ፎቶውን ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ጎን ሰቀለው። ታይቱ አየችና አውርዳ ዝቅ አድርጋ ሰቀለችው።

"መልአኩ ጋር ትከሻ ለትከሻ አይቆምም" አለች።

"ይሄም ከእግዜር የተላከ ነው።"

"የተላከ ከሆነ መልእክቱን አድርሶ ይሂድ። እስኪ እናያለን።"

ደሞዝ በዚህ ሳቀ። በዚያ ዓመት የሚስቅ ሰው ብዙ ነበር፤ እስረኛ ተፈታ፣ የተሰደደ ተመለሰ፣ የተጣላ ታረቀ ሲባል ገበያው ሁሉ ይተቃቀፍ ነበር። ሰው ተስፋ ሲያገኝ ያምርበታል፤ ያማረበትን ሰው ጅል ነህ ማለት በኋላ ነው የሚቀለው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ሩቅ ነበረ፤ በኋላ ጋይንት ደረሰ ተባለ። ወጣት ይዝመት ተብሎ ክተት ሲታወጅ ከከተማ አንድ ሹም መጥቶ የመንደሩን ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዋርካ ሥር ሰበሰበ። ሹሙ ጥሩ ተናገረ፤ ሰዉም ጥሩ አዳመጠ፤ ግን ማንም አልተነሣም። ከሴቶቹ መካከል እታለም ብድግ አለች።

እታለም የደሞዝ ጎረቤት ናት። ባሏን ወባ ገድሎባት አንድ ልጇን ሰውመሆንን ብቻዋን አሳድጋለች። ሰውመሆንን በዚያ ሜዳ የማያውቀው የለም፤ ክረምት ርብ ሞልቶ መንገድ ሲጠፋ ታመመች የተባለችን ወላድ፣ ሊሞት የቀረበን ሽማግሌ በታንኳ እየቀዘፈ የሚያሻግር እሱ ነው። የሚቀዝፍበት ዘንግ ከቁመቱ እጥፍ ይሆናል።

"ልጄን ልስጥ" አለች እታለም፤ "መልሶ የሚሰጠኝ ማነው?"

"መንግሥት ነዋ እናቴ" አለ ሹሙ።

"መንግሥትን የት አገኘዋለሁ?"

ሰዉ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ነው ደሞዝ ጋቢውን አስተካክሎ የተነሣው። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልለመነውም።

"ለዚህ መሪ ዋሱ እኔ ነኝ" አለ። "የወሰደውን ይመልሳል። በክፉ ቀን የሞተም ቢኖር በክብር አርድቶ ወገኑን ያስለቅሳል እንጂ እንደ ውሻ ሜዳ ላይ አይጥለውም። ይህን ባያደርግ እታለም፣ እኔን ያዢኝ።"

ከዚያ ጎረምሶቹ አንድ ሁለት እያሉ ተነሡ። ሰውመሆንም ተነሣ። እናቱ ቀና ብላ ደሞዝን አየችውና ተቀመጠች፤ ከእንግዲህ የምትከራከርበት ነገር አልነበራትም፤ ዋስ ቆሟል።

የደሞዝ ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ የሱ ብቻም አይደለም፣ የመንደሩ ሁሉ ነው። ዋስ የሚኮነው ለሚያውቁት ሰው ነው፤ ኮበለለ ሲባል ደጁ ሄደው ለሚያንኳኩት፣ እናቱን ለሚወቅሱለት፣ በገበያ ቀን ጠብቀው እጁን ለሚይዙት። ቤተ መንግሥት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ዋስ መሆን ለደመና ዋስ መሆን ነው። ደሞዝ ግን ከልቡ ነበር የተናገረው፤ ከልብ የሆነ ስሕተት ደግሞ ከተንኮል ይልቅ ብዙ ሰው ይዞ ይወድቃል።

ጦርነቱ በሌላው ዓመት በፊርማ አለቀ። ከዘመቱት ከፊሉ ተመለሰ፤ ከሲታ ሆኖ፣ ዝምተኛ ሆኖ ተመለሰ። የአንዳንዱ መርዶ መጣና ተለቀሰለት። የአንዳንዱ ግን መመለሱም መርዶውም ቀረ። ሰውመሆን ከነዚህ ወገን ሆነ። ደሞዝ እታለምን በሄደችበት ሁሉ "ታገሺ፣ አገር የሚያህል ነገር ነው፣ ጊዜ ይወስዳል" ይላት ነበር፤ እሷም ትታገስ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ ይኸኛው ሩቅ አይደለም፣ በደጃፋቸው ነው። ትናንት ዝመት የተባለው ልጅ ዛሬ ጫካ ገባህ ተብሎ ይፈለግ ጀመር። መንገድ ተዘጋ፤ ስልክ ጠፋ፤ ማዳበሪያ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ደረሰ፤ ሲደርስም ለዚህኛው ልማትና ለዚያኛው ግንባታ የሚባል መዋጮ ተለጥፎበት ነው።

ደሞዝ አሁንም ይከራከር ነበር። "ቤት የሚሠራ ሰው ደጁ በጭቃ ይበላሻል፤ ቤቱ ሲያልቅ ታያላችሁ" ይላል። ሰዎቹ ግን መሳቅ ትተው ዐይን ዐይኑን ማየት ጀምረው ነበር።

ርብ ከወትሮው ብሶ የሞላ ክረምት መጣ። የሩዙን ቡቃያ ደለል ቀበረው፤ ውኃው ቤት ውስጥ ገብቶ መደብ ላይ ወጣ። የመንደሩ ሰው የጎርፍ መከላከያ ክትር እንዲሠራለት ሲጠይቅ በጀት የለም ከተባለ ስንት ጊዜው ነው። ውኃው ሲጎድል ደሞዝ ወረታ ወጣና ያቺው ሻይ ቤት ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ አዲስ የተመረቀ መናፈሻ ይታያል፤ እብነ በረዱ ያበራል፤ ከመካከሉ ውኃ በየቀለሙ እየበራ ወደ ላይ ይስፈነጠራል። ባለ ሹራብ ሹማምንት ያጨበጭባሉ። ከደሞዝ አጠገብ የተቀመጠ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ የሆነ ገበሬ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"እኛ ውኃ ከቤታችን የሚያስወጣልን አጣን" አለ፤ "እሱ ውኃ ወደ ሰማይ ያስተፋል።"

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ደሞዝ እንደ ልማዱ ሊመልስለት አፉን ከፈተ፤ ስለ ቱሪስት፣ ስለ ነገ፣ ስለ ልጅ ልጆች የሚባለውን ያውቀዋል፤ ሲናገረውም ኖሯል። አፉን መልሶ ገጠመ። የሚለው አልጠፋውም፤ ሊለው አፈረ። ከሻይ ቤቱ ሲወጣ ዋናው መንገድ ዳር ለከተማው ማስዋቢያ የፈረሱት ሱቆች ፍርስራሽ ተከምሯል፤ በላዩ አዲስ የመብራት ምሰሶ ቆሞ በጠራራ ፀሐይ ይበራል። አምፖሉን ሽቅብ እያየ ትንሽ ቆመ። ያን ቀን ቤቱ ገብቶ እራት አልበላም። ታይቱም ነገሩ ገብቷት ፎቶውን አውርዳ የጓዳውን በርሜል ከደነችበት፤ እሱም እንዳላያት ሆኖ ወደ ግድግዳው ዞረ።

መስቀል እንዳለፈ እታለም ወደ ደሞዝ ቤት መጣች። ብቻዋን አይደለም፤ ሽማግሌ ኃይለ ሚካኤልን አስከትላለች። እንደ ነገር ሥርዓት ነው የመጣችው። አልጮኸችም፤ ደረት አልመታችም። ግቢ ግቢ ብትባልም ደጁ ላይ ቆማ ቀረች።

"አያ ደሞዝ፣ ዋሴን ልጠይቅ ነው የመጣሁ።"

ደሞዝ ይህን ቃል ሲጠብቀው ኖሯል።

"ካሳ አልፈልግም" አለች። "በሬህንም አትንዳልኝ። ለቅሶ ቤት ስሄድ ሴቶቹ ያንቺስ ይሉኛል። ሰርግ ቤት ስሄድ ገና ያልለየላት ብለው ፊት ይነሱኛል። ከሐዘኑም ከደስታውም አጉድለውኛል። ልጄ ካለ አምጣልኝ። ከሞተም መርዶውን አንተ አርዳኝና ላልቅስ። መምሬ ተክለ ሃይማኖት ያየ ሰው ከሌለ ፍትሐት አልፈታም ብለውኛል፤ በሕይወት ላለ ሰው አይፈታም አሉኝ። እውነታቸውን ነው።"

ኃይለ ሚካኤል ከዘራውን ተደግፎ "እስከ ጥምቀት ቀጠሮ እንስጠው" አለ። እታለም እሺ አለች። በደሞዝ ዕድሜ ቀጠሮ ሲሰጠው ራሱ ተከሳሽ የሆነበት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ፍለጋውን ከወረታ ጀመረ። ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ ላይኛው ላኩት። መኪና ሲገኝ መንገድ ይዘጋል፤ መንገድ ሲከፈት መኪና ይጠፋል። በየኬላው እያወረዱ የሚፈትሹት ልጆች የሰውመሆን እኩያ ናቸው፤ አንዱ "አባት፣ በዚህ ዕድሜዎ ወዴት ነው?" አለው። "ልጅ ፍለጋ" ሲለው ልጁ አሳለፈው።

የደረሰበት የመጨረሻው መሥሪያ ቤት እድሳት ላይ ነበር። ደጁ ላይ አዲስ በር እየቆመ፣ ወለሉ ላይ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ እየተነጠፈ ነው። ወጣቱ ኃላፊ ትሑት ነው፤ ብድግ ብሎ ተቀበለው፤ ስለ አቧራውም ይቅርታ ጠየቀ። ደሞዝ ጉዳዩን ተናገረ። ኃላፊው የጠፉትን አጣርቶ ለየቤተሰቡ የሚያረዳ ክፍል ሊቋቋም ታስቦ በገንዘብ እጥረት መቆየቱን ነገረው። ይህን ሲናገር ከጀርባው ሠራተኞቹ ድንጋዩን ይቆርጡ ስለነበር ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። ደሞዝ ወለሉን አየ፣ ኃላፊውን አየ። ኃላፊውም የታየው ነገር ገብቶት ፊቱ ቀላ።

"አባቴ፣ እኔ አይደለሁም የወሰንኩት" አለ።

"አውቃለሁ ልጄ" አለ ደሞዝ። "ዋሱ እኔ ነኝ።"

ኃላፊው ሽማግሌው ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም።

የገና በዓል ሲደርስ፣ ከሰውመሆን ጋር የዘመተ ገሰሰ የሚባል ልጅ ቁስሉን ሊታጠብ ወንዛዬ ፍል ውኃ እንደወረደ ወሬ ሰማና ተከትሎት ሄደ። ልጁን ከውኃው ዳር አገኘው። ከጉልበቱ በታች እግሩ ተጣሞ የደረቀ ነው። ከጎኑ ሌሎች ቁስለኞችም ነበሩ፤ ከዚህኛው ጦርነትም ከዚያኛውም፣ ከሁለቱም ወገን ሳይሆን አይቀርም፤ በውኃው ውስጥ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ገሰሰ ሰውመሆንን ያስታውሳል።

"ጠዋት አብረን ቆሎ በልተናል" አለ። "ስለ ታንኳ ሲያወራ ያስቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ እነ ሰውመሆንን ጉብታው ላይ አወጧቸው። ጉብታውን መድፍ አረሰው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።"

"ሲወድቅ አይተኸዋል?"

"አባባ፣ እዚያ ሰው ሲወድቅ ቆሞ የሚያይ የለም።"

"ሞቷል ልበል እንግዲህ?"

"እኔ ሞቷል አላልኩም። አለ ብዬም አልዋሽዎትም።" ልጁ እግሩን ከውኃው አወጣና በሁለት እጁ አሸው። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እንድንዘምት ዋርካው ሥር ዋስ የሆነ ሽማግሌ ነበረ እያለ ሰውመሆን ያወራ ነበር። አልመለስም ብዬ አልፈራም፣ አያ ደሞዝ ዋስ ሆኗል ይል ነበር። ሰውየው አሁን በሕይወት አለ?"

ደሞዝ "አላውቅም" አለና ተነሥቶ ሄደ።

ቤቱ ሲገባ ሁሉንም ለታይቱ ነገራት። ታይቱ በዚህ ቀን አልነዘነዘችውም፤ ነገረኛ ሚስት ዝም ስትል ቤት ይከብዳል። ለአያሌ ቀናት በልቡ ሲያመላልስ ሰነበተና በጥምቀት ዋዜማ "ሞቷል ልላት ነው" አለ።

"ሳታውቅ?"

"ሳላውቅ።"

"በሕይወት ያለ ቢሆንስ?"

"ይመጣና ይረግመኛል። መጥቶ ይርገመኝ፤ እኔ ምን አለኝ።"

"አንተ እኮ ዋሽተህ አታውቅም ደሞዝ።"

"ዋስ የቆመለትን ካላቀረበ ራሱ በቦታው ይገባል" አለ። "መሪው ማርዳት ነበረበት፤ አላረዳም። እኔ ልገባለት ነው።"

በደንቡ መሠረት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ደሞዝ፣ ኃይለ ሚካኤልና መምሬ ተክለ ሃይማኖት ወደ እታለም ቤት ሲደርሱ እሷ ደጅ ላም ታልባለች። ቀና ብላ በዚያ ሰዓት የመጡትን ሽማግሎች አየች፤ እጇ ከላሟ ጡት ላይ ቆመ።

"ያየ ሰው አለ?" አለች።

"አለ" አለ ደሞዝ።

"ከአፉ ሰማኸው?"

"ሰማሁት። ወንዛዬ ድረስ ሄጄ።"

"እንዴት ነው የሞተብኝ?"

ይህን አላሰበበትም ነበር። "ለጓደኞቹ ውኃ ሊያቀብል ሲሄድ" አለ። "አልተሠቃየም። ቀብረውታል።"

መምሬ ደሞዝን በጎን አዩት። ፊቱ ላይ ያነበቡትን እግዜር ይወቅ፤ እሳቸው ግን መስቀላቸውን ከቀሚሳቸው አወጡ።

"ማልልኝ አልልህም" አለች እታለም። "አንተ ነህና።"

የወተቱን ጮጮ እንዳይደፋ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ላሟን ፈታ ሰደደቻት። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ድምፁ ሜዳውን አልፎ ተሰማ። ደሞዝ አብሯት አለቀሰ፤ ሰዉም እሱ ያለቀሰው ለሰውመሆን ብቻ መሰለው።

የለቅሶው ቀን ከየመንደሩ ሰው መጣ። የሰውመሆን ልብስ በአልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ የታንኳው ዘንግ ከጎኑ ተጋድሞ ተለቀሰለት። ፍትሐቱ ተፈታ። እታለም ጥቁር ለበሰች፣ ጠጉሯን ተላጨች፣ እንደ ማንኛዋም ልጅ እንደሞተባት እናት ከሴቶቹ መካከል ገብታ ተቀመጠች። ሴቶቹም አቀፏት። ደሞዝ ከሩቅ ሆኖ ይህን ሲያይ፣ ይህ ብቻ እንኳ ይበቃል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ።

ሰዉ መበተን ሲጀምር ገላነሽ ወደ እሱ መጣች። የእሷም ልጅ ያን ቀን ዋርካው ሥር ከተነሡት አንዱ ነው፤ የእሱም መርዶ አልመጣም። ከኋላዋ ስመኝ ቆማለች፤ ከስመኝ ኋላ ደግሞ ደሞዝ ቀና ብሎ ማየት ያልፈለጋቸው ሌሎች ሴቶች።

"አያ ደሞዝ" አለች ገላነሽ፣ ጨው አበድረኝ እንደምትል ዓይነት በዝግታ፤ "ያ የእታለምን ልጅ ያየው ሰው፣ የኔንም አይቶት ይሆን?"

"እጠይቅልሻለሁ" አላት።

የሚጠይቀው ሰው እንደሌለ ያውቃል። ወንዛዬም አልተመለሰም፤ ገሰሰ የሚነግረው እውነት ለማንም አይጠቅምም። በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ደርቦ ኃይለ ሚካኤልንና መምሬን ቀሰቀሰና ወደ ገላነሽ ቤት መራቸው። በመንገድ ላይ ውኃ ሊያቀብል ሲሄድ የሚለውን ደግሞ መናገር እንደማይችል አሰበ፤ ሌላ አሟሟት መፈለግ ነበረበት። ገላነሽ በሩን ከፍታ አዳመጠችው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። እሷም ማልልኝ አላለችውም።